ልጄ ቀን ቀን ጸጥ አለብኝ፤ ስንት ጊዜ ልቁጠር?

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፤ 33ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው፤ ቀን ታይዋን በሚባለው ገበያ፣ ሱቅ ውስጥ እውላለሁ። ከዚህ በፊት ልጁ ማታ ማታ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ከሁለት ቀን ወዲህ ግን ቀንሷል። ቀን ምንም አይሰማኝም፤ ማታም ቀስ ብሎ ይገላበጣል እንጂ እንደ ድሮው አይራገጥም። አማቴ ‹ልጅ ሲወፍር ቦታ ይጠበዋል፣ ወሩ ሲቃረብ ይረጋል፣ ሙቀቱም አለ› ይሉኛል። ጎረቤቴ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠጪ ብላኝ ስጠጣ ትንሽ ነቃ ይላል። በቀን ስንት ጊዜ መቁጠር አለብኝ? ባለቤቴ ደግሞ የልጁን ልብ ምት ቤት ውስጥ የሚያሰማ ትንሽ ማሽን ልግዛልሽ ይላል። ይጠቅመናል?»

መልስ፦

እህቴ፣ «ቀንሷል» ብለሽ በራስሽ ቃል ጽፈሻል። 33ኛ ሳምንት ላይ ሆና የልጇ እንቅስቃሴ መቀነሱን ለይታ ያወቀች እናት የሚያስፈልጋት ምርመራ ነው፤ ቆጠራው ለተጠራጠረች ነው። ስለዚህ የቀረውን መንገድ ላይ አንብቢው። አሁን የክትትል ካርድሽን ያዢና ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ወይም ወደ ድል ጮራ ሂጂ። መሽቶም ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ማዋለጃ ክፍል ሌሊትም ባለሙያ አለ። ከተመላላሽ ታካሚው ጋር አትሰለፊ። በሩ ላይ «የ33 ሳምንት እርጉዝ ነኝ፤ ከሁለት ቀን ወዲህ የልጄ እንቅስቃሴ ቀንሷል» በይ። አባባልሽ ለውጥ ያመጣል፤ «ትንሽ ደከመኝ» ወይም «ሆዴ ከበደኝ» ያለች ሴት ተራ ጠብቂ ትባላለች።

ይህን የምልሽ ላስደነግጥሽ አይደለም። የእንቅስቃሴ መቀነስ አንድ ጊዜ አጋጥሟቸው ከሚመጡ 10 እናቶች 7 ያህሉ እርግዝናቸው ያለ ምንም ችግር ይጠናቀቃል። ዛሬም ተመርምረሽ «ልጅሽ ደህና ነው» ተብለሽ የመመለስሽ ዕድል ሰፊ ነው። ሌላውን ገጽታም ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። የእንግሊዝ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ እንደሚለው፣ ልጃቸው ማህፀን ውስጥ እንዳለ ሕይወቱ ካለፈባቸው እናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አስቀድሞ እንቅስቃሴው ቀንሶ እንደነበር አስተውለዋል። ልጁ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል ማለት ነው፤ ምልክቱ የሚደርሰው ደግሞ ለእናቱ እንጂ ለሐኪም አይደለም።

ለምን ይቀንሳል? ልጁ ምግቡንም ኦክስጅኑንም የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። እንግዴ ልጁ በእናትየዋ የደም ግፊት፣ በደም ማነስ ወይም በሌላ ምክንያት ተዳክሞ የሚያቀርበው ሲያንስ፣ የልጁ ሰውነት ያለችውን ኦክስጅን ለአንጎልና ለልብ ያስቀድማል። ወጪ የሚቆጥበው ከእጅና ከእግር ነው። መራገጥ ጉልበት ስለሚፈጅ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። የልብ ምቱ ግን በዚያን ጊዜ ገና ደህና ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ ስለ ማሽኑ ስነግርሽ ይህን አስታውሺ።

አሁን ወደ አማትሽ ልምጣ። ያሉት ሁሉ ስህተት አይደለም፤ አደገኛ የሆነውም ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ልጁ ሲያድግ ቦታው እንደሚጠበው እውነት ነው። ስለዚህ የእንቅስቃሴው ዓይነት ይቀየራል፤ በ25ኛው ሳምንት እንደ ልቡ ሲዘል የነበረው ልጅ በ33ኛው ይገፋል፣ ይለጠጣል፣ በጎኑ ይዞራል፣ ተረከዙን ከጎድንሽ ሥር ይሰነቅራል። «እንደ ድሮው አይራገጥም፣ ይገላበጣል» ያልሽው ብቻውን ቢሆን ኖሮ አላስቸኩልሽም ነበር። ብዛቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንቅስቃሴ እስከ 32ኛው ሳምንት አካባቢ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው መጠን ይቀጥላል፤ ምጥ እስኪመጣ፣ በምጥ ውስጥም ሳይቀር ይንቀሳቀሳል። ራሱ ወደ ዳሌ ሲወርድ እንኳ እግሮቹ ላይ ማንም አልቆለፈባቸውም። «ወሩ ሲቃረብ ይረጋል» የሚለው አባባል መገላበጥን እንደ መርጋት ከመቁጠር የመጣ ይመስለኛል። በእኔ ሥራ ከምሰማቸው ምክሮች ሁሉ ሰው አርፍዶ እንዲመጣ በማድረግ ይህን የሚስተካከለው የለም። ከአማትሽ ጋር ግን አትጣዪ፤ ይዘሻቸው ሂጂ። አዋላጅዋ ስታስረዳ አብረው ከሰሙ፣ ከአንቺ ቀጥሎ ልጁን የሚጠብቁልሽ እሳቸው ናቸው።

ሙቀቱስ? በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ውስጥ ጥላ ሥር ከ35 ዲግሪ በላይ መዋል አዲስ ነገር አይደለም፤ የጎዳን ነገር ሁሉ በሙቀት ስናሳብብ ኖረናል። ሙቀት ውሃ ያስጠማል፣ ግፊት ያወርዳል፣ ያዞራል፤ እናት ስትዝል የልጇን እንቅስቃሴ የማስተዋል አቅሟም ይዝላል። ለዚህ መፍትሔው ጥላ፣ ውሃና ጋደም ማለት ነው። ጋደም ብለሽ፣ ውሃ ጠጥተሽ፣ ማታ ነፋሻ ሲሆንም ካልተመለሰ ግን ሙቀቱን ከነገሩ አውጪው።

ለስላሳው ላይ ጠንከር ልበልብሽ። ስኳርም ሆነ ቅዝቃዜ የቀነሰ እንቅስቃሴን እንደሚመልስ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የጠጣሽ ጊዜ ትቀመጫለሽ፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ ታደርጊያለሽ፣ ታዳምጫለሽ፤ የተሰማሽ ምናልባት ቀድሞም የነበረው ነው። ጉዳቱ ወዲያ ነው፤ አንድ ጊዜ «ነቃ» ሲል ልብሽ ያርፍና ጉዞው ለነገ ይባላል። መጠየቅ ያለበት «ተንቀሳቅሷል ወይ?» ሳይሆን «ወደ ልማዱ ተመልሷል ወይ?» ነው።

ስለ ቁጥሩ። «በቀን ስንት?» የሚል ጥያቄ ሳይመጣልኝ የሚውል ሳምንት የለም፤ አጭሩ መልስ ለሁሉም ልጅ የሚሆን ቁጥር አልተገኘም ነው። ሳይፈለግ ቀርቶ አይደለም። በካርዲፍ ከተማ የተጀመረው ሰንጠረዥ እናት በ12 ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ እስክትቆጥር ምልክት እንድታደርግ ያዝ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ 68,000 ያህል እናቶች የተካተቱበት ጥናት ሁሉም እናቶች በየቀኑ እንዲቆጥሩ ማድረጉ የሞቱትን ልጆች ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳየ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝና በአየርላንድ ከ400,000 በላይ እርግዝናዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት ወጣ። በዚያ እናቶች ስለ እንቅስቃሴ መቀነስ ተማሩ፣ ሆስፒታሎቹም አንድ ዓይነት አሠራር ተከተሉ፤ ሞቱ ግን ልብ በሚባል መጠን አልቀነሰም፣ በመድኃኒት ምጥ ማስጀመርና በኦፕራሲዮን ማዋለድ ግን ጨመረ።

ከዚህ ተነስቶ «እንቅስቃሴ መከታተል ዋጋ የለውም» የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ እንደዚያ አላነበውም። ጥናቶቹ የነገሩን ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ብቻውን ልጅ እንደማያተርፍ ነው። እኔም ለእናቶች ሰንጠረዥ አልሰጥም። ጠዋት 10 የሞላላት ሴት እርሳሷን አስቀምጣ ቀኑን ሙሉ ማዳመጥ ስታቆም አይቻለሁ፤ በተፈጥሮው ረጋ ያለ ልጅ የያዘች ሌላዋ ደግሞ ቁጥሩ አልሞላ እያላት ስታለቅስ። ልጆች እንደ ሰው ሁሉ ይለያያሉ። አንቺ ማወቅ ያለብሽ የራስሽን ልጅ ልማድ ነው። ማታ ስንት ሰዓት ላይ ይነቃል? እራት ከበላሽ በኋላ ምን ያደርጋል? በግራ ጎንሽ ስትተኚ ይገፋል ወይስ ዝም ይላል? 28ኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ ይህ ልማድ ለብዙ እናቶች ግልጽ እየሆነ ይመጣል።

ቀን ቀን ምንም አይሰማኝም ያልሽው በከፊል የሱቁ ሥራ ሊሆን ይችላል። ቆማ የምትሠራ፣ የምትሄድ፣ ከደንበኛ ጋር ዋጋ የምትከራከር ሴት ብዙ እንቅስቃሴ ያመልጣታል። ልጁ ራሱም ይተኛል። አንዱ እንቅልፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፤ ጤነኛ ልጅ ከ90 ደቂቃ በላይ የሚተኛው አልፎ አልፎ ነው። ደግነቱ ድሬ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግታ የምታርፍ ከተማ ናት። ያችን ሰዓት ተጠቀሚባት። ምሳሽን ብለሽ፣ ስልክሽን ራቅ አድርገሽ፣ በግራ ጎንሽ ተጋድመሽ እጅሽን ሆድሽ ላይ አሳርፊ። ከሰዓት በኋላና ምሽት ልጆች በብዛት የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ ስለሆነ፣ ከቀኑ ሁሉ ብዙ የምታውቂው በዚያች ሰዓትና ማታ ነው።

«ቀንሷል ወይስ ሳላስተውል ቀረሁ?» ብላ የተጠራጠረች እናት ግን ቁጥር ትጠቀማለች። ሥራዋን ሁሉ ትታ በግራ ጎኗ ትተኛና 2 ሰዓት ሙሉ ታዳምጣለች። በ2 ሰዓት ውስጥ ተለይተው የሚታወቁ 10 እንቅስቃሴዎች ካልሞሉ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው። ምት፣ ግፊት፣ መገላበጥ፣ መለጠጥ ሁሉም ይቆጠራል። ስቅታ አይቆጠርም፤ እኩል እኩል እየዘለለ ለደቂቃዎች የሚቆየውን ታውቂዋለሽ፣ እሱ ልጁ በፈቃዱ የሚያደርገው አይደለም። 10 ሞልቶም ነገሩ ካላማረሽ ሂጂ፤ ቁጥሩ የተቀመጠው እንድትሄጂ ለመርዳት እንጂ ለማስቀረት አይደለም። ያልተለመደ ኃይለኛ መንፈራገጥ በድንገት መጥቶ ከዚያ ጸጥ ካለም እንዲሁ።

ይህን የሚያነቡ ገና አራት አምስት ወር ላይ ያሉ እህቶች እንዳይደነግጡ ደግሞ፦ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ከ16ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰማል። ወልዳ የምታውቅ ቀድማ ትለየዋለች፤ የመጀመሪያዋ የሆነች ከ20 ሳምንት በኋላም ሊሆን ይችላል። እንግዴ ልጁ በማህፀን የፊተኛው ግድግዳ ላይ ከሆነ በስፖንጅ ፍራሽ ውስጥ እንደሚመታ ሰው ምቱ ይታፈናል፤ ይህ በተለይ ከ28ኛው ሳምንት በፊት የሚታይ ነው። የአልትራሳውንድ ወረቀታችሁ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ አዋላጇን ጠይቁ። 24 ሳምንት ሞልቶ ምንም ካልተሰማ ግን መታየት ያስፈልጋል። ልማዱ ገና ባልተደላደለበት ጊዜ የ2 ሰዓቱን ቆጠራ አትጠቀሙበት።

ከተማችን ውስጥ ሆኜ ጫትን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አንቺን ትቅሚያለሽ ማለቴ አይደለም፤ ግን ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀመጡ እርጉዞች ወደ ክትትል ይመጣሉ፣ ስንጠይቃቸውም ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የደም ሥር ያጠባል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ከሚቅሙ እናቶች የሚወለዱ ልጆች ክብደታቸው ዝቅ ብሎ መገኘቱም በጥናቶች ታይቷል። ቢያቆሙት ነው የምመክረው። ለባለሙያው መንገር ደግሞ አያስቀጣም፤ የልጁን እድገት በቅርብ እንድንከታተል ይረዳናል። በጾም ላይ ያላችሁም፣ ረመዳን ይሁን የፍልሰታ፣ እንቅስቃሴው ከቀነሰ የዚያን ቀን ጾም ፍቱ፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለእርጉዝ ፈቃድ አላቸው። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ወይም ያለ ቀኑ ሊወለድ ለሚችል ልጅ ሳንባ የሚሰጠው የዴክሳሜታሶን መርፌ እንቅስቃሴን ለአንድ ሁለት ቀን ሊቀንስ ይችላል። የወሰድሽው ነገር ካለ ለመረመረሽ ሰው ተናገሪ።

ትኩሳት ካለሽ ደግሞ የሚጠበቅ ነገር የለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ውስጥ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከተማ ከለመደች ትንኝ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው ጋር የተያያዘ ነበር። ይህቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ግቢ ውስጥ ባለው በርሜልና ሮቶ ትራባለች፣ ስለዚህ ክዳኑን ግጠሙት። ወባ በእርግዝና ጊዜ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይከማቻል፣ የልጁንም እድገት ይጎዳል። ትኩሳት፣ ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መውረድ፣ ዓይን ብዥ የሚያደርግ ራስ ምታት፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት፤ ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

እዚያ ስትደርሺ ምን እንደሚደረግልሽ ልንገርሽ። ግፊትሽ ይለካል፣ ሽንትሽ ይታያል፣ ሆድሽ በሜትር ይለካል፤ ሜትሩ ልጁ እንደ ሳምንቱ እያደገ መሆኑን ያሳያል። የልቡ ምት ይደመጣል፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 የሚደርሰው ደህና ነው። እዚህ ላይ ግን አትነሺ። የልብ ምት መሰማቱ ልጁ በሕይወት መኖሩን ይነግራል፣ በምቾት መኖሩን አይነግርም። ስለዚህ ሲቲጂ በሚባለው መሣሪያ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያህል የልቡ ምት ከእንቅስቃሴው ጋር እንዲመዘገብ ጠይቂ። ልጅ ሲንቀሳቀስ ልቡ ፈጠን ማለት አለበት፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየው እሱ ነው። ቀጥሎ በአልትራሳውንድ የሽርት ውሃው መጠንና የልጁ እድገት ይታያል። ሁሉም ደህና ሆኖ፣ እንቅስቃሴውም ከተመለሰ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ነገ ወይም ከሳምንት በኋላ እንደገና ከቀነሰ እንደገና ትሄጃለሽ። «ባለፈው ደህና ነው ብለውኝ እንዴት ልመለስ?» የሚል ይሉኝታ አይያዝሽ። ተደጋግሞ መቀነስ ከአንዴው ይልቅ ያሳስበናል፤ በዚያን ጊዜ ስለ መውለጃው ቀንም መነጋገር ሊኖር ይችላል። ወደ ሐረር፣ ሕይወት ፋና ይላኩሽ እንደሆነ ደግሞ የደንገጎን ዳገት በሌሊት ከመውጣት በቀን መውጣቱ ይሻላል፤ ቶሎ ሂጂ የምልበት አንዱ ምክንያት ይህም ነው።

እስክትወልጂ ድረስ የምትተኚበትን ነገር ላንሳ። ከ28 ሳምንት በኋላ እንቅልፍ ሲወስድሽ በጎንሽ ሁኚ፣ ግራ ቢሆን ይመረጣል። በጀርባ መተኛት ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዲጫን ያደርጋል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባ እንቅልፍ መጀመርም ልጅ በማህፀን ከመሞቱ ጋር ግንኙነት ተገኝቶበታል። በሙቀቱ ምክንያት በረንዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግተሽ የምትተኚ ከሆነ ከጀርባሽ ትራስ ደግፊ። ሌሊት ነቅተሽ ራስሽን በጀርባሽ ብታገኚው አትደንግጪ፤ ዞር ብለሽ ቀጥዪ።

ማሽኑን አትግዙ። ያልሰለጠነ ጆሮ የእናትየዋን ደም ሥር ወይም በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚያልፈውን ደም የልጅ ልብ ነው ብሎ ይሰማዋል። ትክክለኛውን ቢያገኝም እንኳ ቀደም ብዬ እንዳልኩሽ እንቅስቃሴ ቀንሶ ልብ ገና በደህና ሊመታ ይችላል፤ ያ ድምፅ ሲያረጋጋችሁ ሰዓቱ ይሄዳል። ባለቤትሽ መርዳት ከፈለገ ማታ ማታ አጠገብሽ ተቀምጦ እጁን ሆድሽ ላይ ያድርግ፣ ልማዱን አብሮሽ ይወቅ፤ ለማሽኑ ያሰበውን ብር ደግሞ ሌሊት ለሚጠራው ባጃጅ ያስቀምጠው፣ የሹፌሩንም ስልክ ከአሁኑ ይያዝ።